የአራጁ ጥፍር

አንድ ብረት ቀጥቃጭ ነበረ። ቆይ ስንሻው፣ ፊትህን አታጥቁርብኝ፤ ጥያቄህን አልረሳሁትም። ጓደኛህ በአረቄ ቤቱን እያፈረሰ ነው፤ አንተ ግን ስለምትወደው «ደህና ነህ፣ ምንም አልሆንክ» ትለዋለህ። «ሕጋችን ሐሰትን ሽሽ ይላል፣ ባልንጀራህንም ውደድ ይላል፤ ሁለቱ ሲጣሉ የቱን ልተው፣ ቄስ መኮያ?» ብለህ ጠየቅኸኝ። መልሴ ይኸው ነውና ቁጭ ብለህ ስማ።

ቀጥቃጩ እንደኛው ቤተ እስራኤል ነው። በመንደሩ አንድ ሽማግሌ አራጅ ነበሩ። አራጅ ስልህ በሬ የሚጥል ጉልበተኛ እንዳይመስልህ። የአራጅ ካራ እንከን አይኖርበትም፤ ስለቱ ላይ ጸጉር የምታህል ሽራፊ ከተገኘች ሥጋው አይበላም፣ አለቀ። ስለዚህ አራጁ ከማረዱ በፊት ስለቱን በጥፍሩ ጫፍ ከዳር እስከ ዳር ይዳስሳል። እኚህ ሽማግሌ አርባ ዓመት ሙሉ ሲዳስሱ ኖረዋል። መንደሩ ሥጋ የሚበላው እሳቸውን አምኖ ነው።

ቀጥቃጩ ደግሞ ሽማግሌውን ይወዳቸው ነበር፤ መውደድ ብቻ! ተስቦ ይዞት ሰው ሁሉ ደጁን ሲሸሽ፣ አጠገቡ ቁጭ ብለው ውሃ በማንኪያ ያጠጡት እሳቸው ናቸው። ካራቸውን የሚስለውም እሱ ነው። ሐሙስ ሐሙስ ያመጡለታል፣ ይስልላቸዋል፣ መርቀውት ይሄዳሉ።

አንድ ሐሙስ ካራውን ሲቀበላቸው ሽራፊ አየበት። ሽማግሌው ግን «አሁን ዳስሼዋለሁ፣ ምንም የለበትም፤ እንዲያው ትንሽ ሳል ሳል አድርግልኝ» አሉት። ቀጥቃጩ ክው አለ። የሽማግሌው ጣት ደንዝዟል፤ ጥፍራቸው መለየት ትቷል። ታዲያ ምን አላቸው መሰለህ? ሽራፊውን በሞረድ አጠፋና «ጥፍርዎ የጎረምሳ ጥፍር ነው፣ አባቴ!» አላቸው። ደስ ብሏቸው እየሳቁ ሄዱ። ሰባት ወር እንዲሁ አለፈ፤ እሳቸው ያመጣሉ፣ እሱ ደብቆ ያቃናል፣ ያሞግሳቸዋልም። በልቡ ይህን ፍቅር ብሎታል።

ከዚያ አንድ ድሃ ልጁን ዳረ። ለሰርጉ ያለው አንድ በሬ ነው፤ ሁለት ዓመት ከአፉ እየነጠቀ ያሳደገው። ሽማግሌው ሌላ መንደር ሰንብተው በቀጥታ ወደ ሰርጉ መጡ፤ ካራው በቀጥቃጩ እጅ አላለፈም። በሬው ተጥሎ እግሩ ታስሯል፣ እንግዳው ዳሱን ሞልቶታል። ሽማግሌው ካራቸውን መዝዘው በጥፍራቸው ዳሰሱና «ንጹሕ ነው» አሉ። ፀሐይዋ ስለቱ ላይ ስታርፍ ግን ቀጥቃጩ መሃል ላይ ሽራፊዋን አያት።

አሁን ምን ያድርግ? ዝም ካለ የድሃው በሬ ከንቱ ይቀራል፣ ሰው ሁሉ ያልተፈቀደ ይበላል። ከጮኸ ደግሞ ያን የመሰሉ ሽማግሌ በሕዝብ ፊት ይዋረዳሉ፤ ሰውን በአደባባይ ማሳፈር በኛ ዘንድ ደሙን ከማፍሰስ እንደማይለይ ታውቃለህ።

«አንዴ ልሳልልዎት፣ አባቴ» አለ። እንደ ልማዱ በዘዴ ሊያልፋት ነው።

«ለምን ሲባል? አሁን ዳሰስኩት እኮ! ጥፍሬ ዋሽቶህ ያውቃል?»

እኔ ይህን ሰው የማደንቀው እዚህ ላይ ነው። ክንዳቸውን ይዞ «አንዴ ይምጡልኝ» አለና ሰው ከማያይበት ከጎተራው ጀርባ ወሰዳቸው። ጉልበታቸው ላይ ወደቀ። «ጥፍርዎ አልዋሸኝም፤ የዋሸሁዎት እኔ ነኝ» አለ። ከኩታቸው ጠርዝ አንድ ፈትል መዘዘና ጫፉን አስይዟቸው በስለቱ ላይ አሳለፈው። ፈትሉ መሃል ላይ ሲደርስ ሽራፊዋ ያዝ አደረገችውና ተበጠሰ። ሽማግሌው በእጃቸው ተሰማቸው።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ሰባት ወር ሆነ።»

«ታዲያ እስከ ዛሬ ሰውን ምን ሳበላው ነበር?»

«ከኔ እጅ ሲወጣ ንጹሕ ነበር። ከዚያ ወዲያ... አላውቅም፣ አባቴ።»

 ቀጥቃጩ ይረግሙኛል ብሎ ሲጠብቅ እንባቸው መጣ። «ልጄ፣ ሰባት ወር ሙሉ ብቻዬን ተውከኝ» አሉት።

ይህን ብለው ወደ ዳሱ ተመለሱ፤ እሳቸውም የሚደነቁ ሰው ናቸው! «ሰዎች፣ ጥፍሬ ሞቷል» አሉ ጮክ ብለው። «ሰባት ወር ሆኖታል፤ እኔ የሰማሁት ዛሬ ነው። ስላለፈው የምጾመው እኔ ነኝ።»

«እኔም አብሬ እጾማለሁ» አለ ቀጥቃጩ።

«ከዛሬ ጀምሮ ጥፍሬ ይህ ልጅ ነው።» ካራውን ሰጡት። ሕዝቡ እያየ ሳለው፣ በራሱ ጥፍር ከዳር እስከ ዳር ዳሰሰው፣ በሁለት እጁ መልሶ አቀረበላቸው። ሽማግሌው ባርከው አረዱ። የሙሽራዋ አባት የሁለቱንም ትከሻ ሳመ። ሽማግሌው እስኪሞቱ ድረስ ሁለቱ ሳይለያዩ ሠሩ፤ የሚዳስሰው እሱ፣ የሚያርዱት እሳቸው። አንድም ሰው አላፌዘባቸውም።

እንግዲህ ስንሻው፣ ያ ቀጥቃጭ አንተ ነህ፤ ሽማግሌው ደግሞ ጓደኛህ ነው። እውነትና ፍቅር ተጣሉብኝ ብለኸኝ ነበር። የት ተጣሉ? ከጎተራው ጀርባ አንድ ላይ አልነበሩም ወይ? አንተ ጓደኛህ እንዳይቀየምህ ፈርተህ ፍርሃትህን ፍቅር ብለህ ጠራኸው። እሱ «ደህና ነህ» ባልከው ቁጥር ብቻውን ነው የሚጠጣው፣ አንተ አጠገቡ ብትቀመጥም።

ምን ታየኛለህ? ተነሳ እንጂ! አሁን ነዋ፣ ሳይጠጣ ድረስበት። ሰው ፊት እንዳትነግረው፤ ለብቻው አድርገህ መጀመሪያ የራስህን ውሸት ንገረው። ነግረኸው ደግሞ ግዴታዬን ተወጣሁ ብለህ ወደ ቤትህ እንዳትመለስ። እዚያው ከሱ ጋር ዋል።