ቀና ብሎ ያላየው ደራሲ

«አንድ ደራሲ ነበረ» አሉ መምህር ዘርዐ ቡሩክ፣ ለቀረበላቸው ጥያቄ ሌላ መልስ ሳይሰጡ።

ጠያቂው ወጣቱ ሰባኪ፣ ዲያቆን ኅሩይ ነው። አንዲት ሴት በትዳሯ የሚደርስባትን በደል አዋይታው ነበር። እሱም እሑድ ዐውደ ምሕረት ላይ ቆሞ ታሪኳን ሰበከ፤ ሕዝቡ ተላቀሰ። ሴትዮዋ ግን ከዚያ ወዲህ ደጀ ሰላሙን አልረገጠችም። «የኔታ፣ ስሟን እንኳ አልጠራሁም። ጥፋቴ ምኑ ላይ ነው?» ነበር ያለው።

«ተቀመጥና ስማ» አሉት።

አንድ ደራሲ ነበረ። ጀብዱ ነው የሚጽፈው፤ መጽሐፉ ከማተሚያ ቤት ሳይወጣ አዟሪዎች ይሻሙበታል። በረሃ ነው፣ ሽፍታ ነው፣ ገደል ነው። እሱ ራሱስ? እሱማ እንኳን በረሃ ሊወርድ፣ ከከተማው መውጫ ካለችው ኬላ አልፎ አያውቅም! ገደል በሥዕል ሲያይ እንኳ ገጹን ቶሎ ይገልጠዋል።

ታዲያ ጀብዱውን ከየት አመጣው ትለኝ እንደሆነ፣ ከአብሮ አደጉ ነው። አብሮ አደጉ ሹፌር ነው፤ ከባድ መኪና ይዞ በረሃ የሚወርድ። ከመንገድ በተመለሰ ቁጥር አቧራውን ሳያራግፍ ደራሲው ቤት ይገባል፤ ምሳ ይቀርብለታል፤ ከዚያ ያወራል። ደራሲው ወረቀቱ ላይ አቀርቅሮ «እህ፣ ከዚያስ?» እያለ ይጽፋል። ሹፌሩ አሸዋ ስለ ዋጠው መኪና ካወራ፣ ደራሲው ሽፍታ ይጨምርበታል። መጽሐፉ ሲወጣም ሹፌሩ «አይ አንተ! እኔ መቼ ተኩሼ አውቃለሁ?» እያለ በሳቅ ይፈርሳል። ይዋደዱ ነበር። ይህን እንዳትረሳ፤ ከልባቸው ይዋደዱ ነበር።

እያደር ደራሲው ስሙ ገነነ። ትልልቅ ነጋዴዎች ድግስ ይጠሩታል፤ አንድ ቃል ቢተነፍስ ሰው ማስቀጠር የሚችል ሆነ። የሹፌሩ ዓይን ደግሞ ይደክም ጀመር። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ መንገዱ ይደበዝዝበታል። ለአሠሪው ቢናገር መባረሩ ነው፤ ዝም ቢል ደግሞ የሚነዳው በገደል አፋፍ ነው። ቤት ውስጥ ልጆች አሉ። ጨነቀው።

አንድ ቀን እንደ ልማዱ መጣ። የመጣው ግን «እባክህ ከምታውቃቸው ሰዎች ዘንድ፣ የመጋዘን ጥበቃም ቢሆን፣ ሥራ ፈልግልኝ» ሊል ነው። እንዴት ብሎ ይበለው? ዕድሜውን ሙሉ ጀግና ሲባል የኖረ ሰው «አቃተኝ» ማለት ሞቱ ነው። መቼም የእኛን ሰው ታውቀዋለህ፤ ችግሩ የራሱ ሲሆን «አንድ የማውቀው ሰው» ይላል።

«አንድ የማውቀው ሹፌር አለ» አለ። «ዓይኑ እየከዳው ነው። ሲመሻሽ ቁልቁለቱን የሚወርደው በግምት ነው። ለማንም አልተናገረም።»

ደራሲው ብዕሩን ብድግ አደረገ። «እህ፣ ከዚያስ?»

«ከዚያማ… ፈርቷል።» ምሳውን አልነካም። «ለመሆኑ አንተ ብትሆን ምን ትለዋለህ?»

እዚች ላይ ነው! ቀና ብሎ ፊቱን ቢያየው ኖሮ ሁሉም ይገባው ነበር። የልጅነት ጓደኛው አይደለም እንዴ? ቀና አላለም። እንዳቀረቀረ፣ ደስ ብሎት፣ «ይንዳ እንጂ! ካቆመማ ምኑን ታሪክ ሆነ?» አለው። «እሰይ፣ መጨረሻውም መጣልኝ፤ ገደል ይገባል!»

ሹፌሩ ያልነካውን ምሳ ገፋ አደረገ። ከዚያ እንደ ምንም ሳቅ ብሎ «አይ አንተ!» አለና ጃኬቱን አንሥቶ ወጣ።

ደራሲው መጽሐፉን ጨርሶ ለማተሚያ ቤት በሰጠ ሰሞን፣ አንድ ምሽት መኪናው ከነጭነቱ ገደል ገባ። ደራሲው ለቅሶ ሲደርስ የሟች ሚስት አየችው። «ዓይኑን ከታመመ ቆየ እኮ» አለችው። «‹ለወንድሜ እነግረዋለሁ፣ እሱ መላ አያጣም› ብሎኝ አንተ ዘንድ መጥቶ ነበር። ምን አልከው?»

ምን ይመልስ? እስቲ አንተ ንገረኝ፣ ምን ይመልስ?

ወደ ማተሚያ ቤት ሮጠ። «መጨረሻውን ልለውጠው» ብሎ ለመነ። ታትሞ አልቋል አሉት። ከጻፋቸው ሁሉ እንደዚያ መጽሐፍ የተሸጠለት የለም፤ በሬዲዮም ተተረከ። ታክሲ ውስጥ ሰዉ ትንፋሹን ውጦ ሲያዳምጥ፣ እሱ «ወራጅ አለ!» እያለ ከማይወርድበት ይወርድ ነበር። ከዚያ ወዲያ አንድ መስመር አልጻፈም። ሰው ችግሩን ሲያወራው እንደ ድሮው እጁ ብዕር ይፈልጋል፤ ያን ጊዜ ራሱን ይጸየፋል። እንደ ቆጨው ሞተ።

መምህሩ ወደ ዲያቆኑ ዞሩ። «ደራሲው አንተ ነህ፤ ሹፌሩ ያቺ ሴት ናት» አሉት። «ስሟን አልጠራሁም አልክ። እሱስ መቼ ስም ጠራ? ለመሆኑ ሴትዮዋ ያን ሁሉ የነገረችህ ምን አድርግልኝ ብላ ነበር?»

ኅሩይ አፉን ከፈተ። ስብከቱን እንዴት እንደ ጀመረ፣ የቱ ጋ ድምፁን ዝቅ እንዳደረገ፣ ማን ቀድሞ እንዳለቀሰ፣ ሁሉም ትዝ ይለዋል። ሴትዮዋ የጠየቀችው ግን አልመጣለትም።

«አላስታውስም፣ የኔታ» አለ።

«ታዲያ እኔ ዘንድ ምን ያስቀምጥሃል?» አሉ መምህሩ ቆጣ ብለው። «ተነሥ! ቤቷ ሂድና ጠይቃት። ደራሲው ሊጠይቅ ሲነሣ የሚጠየቀው ሰው አልነበረም።»