የደብሪቱ ጉንጭ

እንቆቆ አፋፍ በሚባለው መንደር እጣቢ ዝም ተብሎ ጓሮ አይደፋም። የጠላ አተላ ይሁን፣ የቡሃቃ እጣቢ ይሁን፣ ያደረ የጎመን ውሃ ይሁን፣ ከጌሾው ወይ ከዱባው ስር ከመደፋቱ በፊት መጀመሪያ አንድ ጉንጭ ይቀመሳል። «የደብሪቱ ጉንጭ» ነው የሚሉት። ከሌላ አገር የመጣች ሙሽራ መጀመሪያ ስታየው ትስቃለች፤ አማቷ የኮመጠጠ አተላ በቅል ይዛ «በይ ሙይ ጉንጭሽን፣ ጌሾው ካንቺ አያንስም» ስትላት ሳቁ ወደ ማቅለሽለሽ ይዞራል፣ ጎረቤቱም ይንከተከታል። ምኑ ነው የሚያስቀው? ነገሩን ከስሩ የሰማ ሰው አይስቅም።

እንደሚነገረው ከሆነ፣ ዝናብ ሁለት ክረምት ተከታትሎ የቀረበት ዘመን ነበር። ድልነሳው የሚባል ሰው ነበር አሉ፣ የደብሪቱ ባል። በዚያ ድርቅ የሱ ጌሾ ብቻ ለምለም ነበር፤ ምስጢሩም ሌላ አይደለም፣ ከቤቱ የሚወጣው ጠብታ ሁሉ፣ የእጅ መታጠቢያው ሳይቀር፣ ወደ ጌሾው ስለሚሄድ ነው። ቅጠሉን ወንዝ ማዶ ወስዶ በገብስ ይለውጣል፤ መንደሩም ከሱ ጎተራ እየተሰፈረለት ነፍሱን ያቆያል። «ጌሾዬ ሳይጠጣ ሰው አይጠጣም» ይል ነበር፣ ጮክ ብሎ፣ ሳያፍር!

የደብሪቱ ታናሽ እህት ይታክቱ ደግሞ ባሏ ሞቶባት ባዶ ቤት ቀርታ ነበር። አንድ ቀን ባዶ ድስት ይዛ መጣች።

«እትዬ፣ እህል አላልኩሽም። እጣቢውን ብቻ።»

ደብሪቱ አፏን ሳትከፍት ድልነሳው ቀደማት። «ኧረ ምስጥ መጣ! ስሩን ልትበላልኝ ነው። ሂጂ ከዚህ፣ ጌሾው ገና አልጠጣም!»

ከዚያ ወዲያ በስሟ ጠርቷት አያውቅም፤ ምስጥ ነበር የሚላት።

ደብሪቱ አንጀቷ አልቻለም። በማግስቱ ጎህ ሲቀድ እጣቢውን በቅል ሞልታ፣ ጌሾ የምታጠጣ መስላ ወጣችና አጥሩ ከተሸነቆረበት አጠገብ አስቀምጣው ገባች። ተመልሳ ስትወጣ ቅሉ ባዶ ነው። በነጋታውም እንደዚያው። እህትማማቾቹ ሳይተያዩ፣ ቃል ሳይለዋወጡ፣ ስምንት ቀን እንዲህ ሆኑ ይባላል። ግን በዚያ በኩል ያለው ጌሾ ድርሻው ስለቀረበት ቢጫ እየሆነ መጣ፤ ድልነሳው ደግሞ እያንዳንዷን የጌሾ ቅጠል ከሚስቱ ፊት አብልጦ የሚያውቅ ሰው ነበር።

በዘጠነኛው ቀን ማለዳ ቅሉን ራሱ ሞልቶ ጠበቃት።

«በአጥሩ በኩል ምስጥ ገብቷል» አላት፣ ረጋ ብሎ። «ብርብራ ወቅጬ ጨምሬበታለሁ። በይ ከለመድሽበት ቦታ አስቀምጪው።»

ብርብራ ማለት ዓሣ አጥማጅ ወንዝ ውስጥ በትኖ ዓሣውን የሚያሰክርበት ፍሬ ነው፤ ለእውነተኛው ምስጥም ያደርጉታል። ደብሪቱ የቱን ምስጥ ማለቱ እንደሆነ ገባት። አስቀምጪው እንጂ ድፊው እንዳላላትም ልብ ብላለች። ዞር ሲልልኝ እደፋዋለሁ ብላ አስቀመጠችው። እሱ ዞር አላለም። ደጃፉ ላይ ተቀምጦ «ነይ ይሄን እሾህ ከእግሬ አውጪልኝ» አላትና እግሩን ጭኗ ላይ ጫነው። እሾህ የሚባል ነገር አልነበረበትም! መርፌ ይዛ ተረከዙን ስትፈትሽ አጥሩ ሲንኮሻኮሽ ሰማች። እሱም ሰማ። እሷ ዝም አለች፤ ፈራችው። እግሩን ሲያነሳላት ሮጣ ሄደች፤ ይታክቱ ጌሾው መሃል በግንባሯ ተደፍታለች፣ ቅሉ ግማሽ ጎድሏል።

ሽማግሌዎች ተሰበሰቡ። ከድልነሳው ገብስ ያልበላ አንድም አልነበረም አሉ።

«ረሃብ ነው የገደላት» አለ እሱ። «ቅሉ ውስጥ ያለው የጎመን ውሃ ነው። ያስቀመጠችውም ሚስቴ ናት፣ ትመስክር።»

ከሽማግሌዎቹ በዕድሜ የሚበልጡት አባ ይመኑ «ልጄ ደብሪቱ፣ ንጹሕ ነው በይና ነገሩ ይብረድ። የሞተች አትመለስም። እኛም ክረምት መድረስ አለብን» አሏት። እህቷ ሳትቀበር እኮ ነው!

ደብሪቱ መርዝ አለበት ብትል የሚሰማት እንደሌለ ገባት፤ ንጹሕ ነው ብትል ደግሞ እህቷን ሁለተኛ መግደል ነው። ቅሉን ብድግ አደረገችው። «ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ። እኔው ልቅመሰው» ብላ ጉንጯን ሞላች። ተይ የሚል አንድ ወንድ ጠፋ! ዋጠችውና የቀረውን ለባሏ ዘረጋችለት።

«በል እንጂ። የጎመን ውሃ አይደል?»

ድልነሳው ወደ ኋላ ወደ ኋላ እያለ አጥሩ ጀርባውን ያዘው። አልቀመሰም። ሽማግሌዎቹም ቅመስ አላሉትም።

ደብሪቱ በሦስተኛው ቀን ሞተች የሚሉ አሉ፤ የለም፣ ተርፋ አንደበቷ ተዘግቶ ብዙ ዓመት ኖራለች የሚሉም አሉ። ድልነሳውስ ምን ሆነ ሲባል፣ ምንም አልሆነም። ጌሾውም እንደ ልማዱ ለመለመ ይባላል።

ሽማግሌዎቹ ግን እንቅልፍ ቢያጡ ጊዜ ተቀምጠው ደንብ አወጡ አሉ፤ ከእንግዲህ እጣቢ ለጓሮ የሚደፋ ሰው ቀምሶ ይድፋ ብለው። ደንቡ «ሰው» ነው የሚለው። በእንቆቆ አፋፍ እስከ ዛሬ ሴቶቹ በየማለዳው ጉንጫቸውን እየሞሉ ይቀምሳሉ፤ ወንዶቹ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ያያሉ።