የጉርባ የውሃ ዘንግ

በአንድ ወቅት ጉርባ በምትባል ቆላማ መንደር ሰው ሲጣላ የሚጣላው በውሃ፣ ሲታረቅም የሚታረቀው በውሃ ነበር። ወንዙ ሩቅ ነው፤ ከወንዙ እስከ ማሳው ገደሉን ታክኮ የሚመጣ አንድ ቦይ ብቻ አለ። ይህን ቦይ የሚጠብቅና ተራ የሚያወጣ ሰው «የውሃ አባት» ይባላል፤ ምልክቱም የወይራ ዘንግ ነው። ዘንጉን የሚይዝ ሰው ከሌለ ውሃ አይለቀቅም። የአገሩ ሕግ ነው፣ እኔን አትከራከሩኝ።

አያ ይማም ዘንጉን አርባ ዓመት ይዘውታል። አንድ ቀን እንኳ በአድልዎ ታምተው አያውቁም። ጉልበታቸው እምቢ ሲላቸው ሕዝቡን ሰብስበው፣ «ከሦስቱ ልጆቼ ለሚገባው አስረክባለሁ፤ ለማን እንደሆነ ሥራቸው ይንገረኝ» አሉ።

ታላቁ አራጋው ነው። ሰባት ዓመት ሙሉ፣ ጎህ ሲቀድ ተነስቶ ቦዩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ይሄዳል፤ ሲመለስም ከመንደሩ በላይ ባለው ጥምዝ ላይ አንድ ድንጋይ አስቀምጦ ይገባል። አንድ ብቻ! ሰርግ ቢኖር፣ ቢያመው፣ ያችን ድንጋይ ሳያስቀምጥ ቁርስ አይቀምስም። ሰው ስቆበት ስቆበት ደከመው።

ሁለተኛዋ ዘሀራ ናት። ሥራዋ ቦዩ ከወንዙ በሚነሳበት አፍ ላይ ተቀምጦ ውሃውን ማየት ነው። ታዲያ ስታይ ታያለች! እንዝርት አትይዝም፣ ወሬ አትቀበልም፣ ጎረቤት ሰላም ቢላት እንኳ ዓይኗን ሳትነቅል ነው የምትመልሰው። «ኩራተኛ ናት» ይሏታል። አያ ይማም ግን ልጃቸው ውሃውን በድምፁ እንደምትለየው ያውቃሉ፤ ይህን ለማንም አልተናገሩም እንጂ በሆዳቸው ይኮሩባታል።

ትንሹ እንድሪስ ነው። ስለ እሱ ምን ልበላችሁ? ጸሐይ አናት ላይ ሳትወጣ አይነሳም። ቦይ ሲጠረግ ጥላ ሥር ይገኛል። ጥያቄ ሲጠየቅ ግን መልሱ አፉ ላይ ነው፤ አንዴ ከቆረጠም ወደኋላ የለም።

ከዕለታት በአንዱ፣ በቆሎው ሊያብብ ሲል፣ የቦዩ በር ተዘግቶ የመንደሩ ወንዶች ከበሩ ዝቅ ብለው ውስጡ ገብተው ደለል ይዝቃሉ። ጉርባ ላይ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፤ ደመና የሚባል የለም። ዘሀራ ከበሩ ሥር በምትንጠባጠበው ቀጭን ውሃ ላይ ዓይኗን ተክላለች። ውሃዋ ቀላች። በቃ፣ ቀላች። ሌላ ሰው ቢሆን አያያትም ነበር። ዘሀራ ግን ደጋው ላይ ዘንቦ ጎርፍ እየመጣ መሆኑ ገባትና እሪታዋን አቀለጠችው፤ «ውጡ! ከቦዩ ውጡ!» አርባ ሦስት ሰው ወጣ። የመጨረሻው እግሩን ሲያነሳ ጎርፉ በሩን ገንጥሎ ደረሰ።

ጎርፉ ቦዩን ሞልቶ ጥምዙ ላይ ተላተመ። ከሥሩ ቤቶች፣ ከቤቶቹ ውስጥ አራሶችና አሮጊቶች አሉ። የጥምዙ ዳር ግን በእነዚያ በተሳቀባቸው የአራጋው ድንጋዮች የተሠራ ካብ ነበርና አልተነቃነቀም። ያ አላህ! አያ ይማም ዘንጋቸውን ተደግፈው የልጃቸውን ድንጋዮች ሲያዩ እንባቸው መጣ። አራጋው ራሱ በዚያ ሰዓት ገበያ ነበር።

ውሃው ግን መጨመሩን አልተወም። በካቡ አናት መፍሰስ ጀመረ፤ ትንሽ ቢቆይ መናዱ ነው። ሽማግሌዎቹ «ወዲህ ይቆረጥ፣ ወዲያ ይቆረጥ» ሲባባሉ እንድሪስ ዶማ አንስቶ የቦዩን ግድግዳ በአንድ በኩል ናደው። በየት በኩል? በአባቱ ማሳ በኩል! ያን የመሰለ በቆሎ ዓይናቸው እያየ ጭቃ ዋጠው፤ መንደሩም የሌላው ሰው ማሳም ተረፈ።

የአያ ይማም አንጀት አረረ። «ምነው ሳትጠይቀኝ?» አሉት።

«ጊዜ አልነበረም አባባ። የሰው ማሳ ላይ ብለቀው ሰው ያዝንብን ነበር። የራሳችንን ለቀቅኩበት።»

አያ ይማም ይህን ሲሰሙ በኩራት ቀና ብለው ሄዱ፤ ጉልበታቸውም የዳነ መሰለ።

ቦዩ በአራት ቀን ተጠገነ። ሕዝቡ ለርክክቡ ሲሰበሰብ ሦስቱም፣ «ለእኔ ይገባል» አሉ። እሰይ! አያ ይማም ደስ አላቸው፤ ማንም አንገቱን አልደፋም።

ሽማግሌዎቹ ግን ጀመሩ። «አራጋው የለት ተለት ሰው ነው፤ ጎርፉ ሲመጣ ግን የት ነበር?» አለ አንዱ። «ዘሀራስ አየች፣ ነገረችን፤ ድንጋይ አነሳች እንዴ?» አለ ሌላው። «እንድሪስን ሾማችሁ ማን በጠዋት ሊቀሰቅሰው ነው?» አለ ሦስተኛው። ሰው ሳቀ፣ እንድሪስም ሳቀ።

ያለ ዘሀራ ዓይን አርባ ሦስት ሬሳ ነበር። ያለ አራጋው ካብ እንድሪስ ዶማውን ሳያነሳ መንደሩ ይሄድ ነበር። ያለ እንድሪስ ዶማ ካቡም አይተርፍም ነበር።

አያ ይማም ዘንጉን ይዘው ተነሱ። ዘንጉ አንድ ነው፤ ለሦስት አይሰበርም። ሦስቱን ልጆች አንድ በአንድ አዩዋቸው፣ እጃቸው ግን ወደ ማን እንደሚሄድ ጠፋው።

እንግዲህ እናንተ በሳቸው ቦታ ቁሙ። የለት ተለት ትጋት፣ የማትዘናጋ ዓይን፣ በሰዓቱ የሚቆርጥ ልብ፤ ዘንጉ ለማን ይገባል? ቶሎ በሉ እንጂ! ዘንጉ ተረካቢ እስኪያገኝ ቦዩ ገና እንደተዘጋ ነው፣ የተረፈውም በቆሎ እየጠወለገ ነው።