የትርንጎ አውራ ጣት

ኑ፣ ጠጋ በሉ። ይህን በዓይኔ ያየሁት አይደለም፤ ካዩት ሰዎች ልጆች የሰማሁት ነው። ሰው ከአገር አገር በበቅሎ በሚሄድበት ዘመን፣ በዚሁ በእኛ በሰንበሌጥ ሜዳ ትርንጎ የምትባል መበለት ነበረች። ከባሏ የቀረላት አንዲት ጎጆና አንድ ጥማድ የምታህል መሬት ብቻ ነበር።

አንድ ጊዜ ጎጆዋን መረገች። የምርጊት ጭቃ ከጭድ ጋር ተቦክቶ ሳምንት ያህል መሰንበት አለበት፤ እሷን ግን ዝናቡ አጣደፋትና በማግስቱ ለጠፈችው። ሲደርቅ ከላይ እስከ ታች ተሰነጣጠቀ። ጎረቤት ሳቀባት።

«ትርንጎ፣ ቤትሽ ተረከዝሽን መሰለ እኮ!» አሏት።

አለቀሰች። ለቅሶ ግን ግድግዳ አይመርግም፤ ተነሳች። ከወንዙ ማዶ ባለው ገደል እብነ በረድ አይታለች፤ ነጭ ነው፣ ግራጫ ጅማት ይሄድበታል። ግድግዳውን በነጭ አፈር ለቀለቀች። ስንጥቁን አልደፈነችውም። አመድና ከሰል በጠበጠች፣ በዶሮ ላባ እየነከረች ስንጥቁን ተከተለችና ጅማት አደረገችው። ከዚያ በልሙጥ ጠጠር አሸችው፣ አሸችው፣ አበራ። ያ የሳቀ ጎረቤት ሁሉ «ለእኔም፣ ለእኔም» ይል ጀመር።

የሰፈሩ ግድግዳና መደብ ሁሉ እብነ በረድ መሰለ። ታዲያ አንድ መንገደኛ ከአንዱ ቤት አድሮ፣ ጠዋት ድንጋይ መስሎት ካራውን መደቡ ላይ ይስል ገባ። መደቡ ተፈረፈረ፣ ካራው ጭቃ በጭቃ ሆነ። ሰውየው በንዴት ትርንጎን ዳኛ ፊት ገተራት።

«አታለለችኝ!» አለ።

«ጌታው፣ መች ጠየቁኝ? ቢጠይቁኝ ጭቃ ነው እል ነበር» አለች።

ዳኛው ሳቁ። ሳቁና፣ «እንግዲያው ለጠየቀሽ ሁሉ እውነቱን ልትናገሪ ማይ» አሏት። ማለች።

ያ መሐላ ነው ኋላ ጉድ ያፈላው። የአገሩ ገዥ ባላምባራስ ውብነህ ይባል ነበር። አንቱታውን ተዉኝ፣ ለእሱ አይወጣኝም። ሴት ልጁን ለሩቅ አገር ባለጸጎች ሊድር ሆነና፣ «አዳራሼ እብነ በረድ ነው» ብሎ ላከባቸው። ከዚያ ትርንጎን ጠራት።

«ትለቀልቂያለሽ። ለጠየቀሽም ድንጋይ ነው ትያለሽ። ጭቃ ያልሽ እንደሆነ መሬትሽን እወስዳለሁ» አላት።

ለቀለቀች። አሥራ ሁለት ቀን ፈጀባት። እንደዚያ ያማረ ሥራ ሠርታ አታውቅም ይባላል። አማቾቹ መጡ። ከእነሱ ውስጥ በዕድሜ የበለጡት ሽማግሌ በሩ አጠገብ ቆመው ግድግዳውን ዳሰሱና ሠሪዋን አስጠሩ።

«ልጄ፣ ይህ ድንጋይ ከየት መጣ?»

ባላምባራስ አፈጠጠባት። ፈራች። እኔም ብሆን እፈራ ነበር፤ ከዚያች መሬት ሌላ ምን አላት? አውራ ጣቷን በምራቋ አረሰችና ግድግዳውን አሸችው። ነጩ ተነሳ፣ ጭቃው ታየ።

«ከጓሮ ነው፣ አባቴ። ጭቃ ነው» አለች።

ሽማግሌው አቀረቀሩ።

«የእኛም ቤት ጭቃ ነው» አሉ። «እኛም ድንጋይ ነው ብለን ልከናል።»

ሠርጉ አልቀረም። ሁለቱ ወገን ገመናቸውን ተገላልጠው ተጋቡ፤ ልጅቱም በደህና ኖረች። የትርንጎ መሬት ግን በሳምንቱ ተወሰደ። አገሩ ሁሉ እያወቀ ዝም አለ። እስክትሞት የሰው ግድግዳ ስትለቀልቅ ኖረች። ይህን ሳወራ ዛሬም አንጀቴ ያርራል።

እና ለጋብቻ የሚላክ ሽማግሌ ከመቀመጡ በፊት አውራ ጣቱን አርሶ ግድግዳ የሚያሸው ለዚህ ነው። ባለቤቱም «ጭቃ ነው፣ ግቡ» ይላል። ከዚያ ወዲያ የሌለውን አለኝ የሚል የለም።

የባላምባራስ ውብነህን ስም ግን የሚያነሳው የለም። እኔም ያነሳሁት የእሷን ላወራችሁ ብዬ ነው።