መከታና የሳጥኑ ቋንጣ

ተረት ልንገራችሁ፤ ጆሮ ያለው ይጠጋ፣ ሥራ ያለበት ይሂድ።

ድሮ፣ እንስሳውም ዕቃውም እንደ ልቡ በሚያወራበት ዘመን፣ መከታ የሚባል ውሻ ነበር። የእትዬ ደብሪቱን ደጅ ስድስት ዓመት ጠብቋል። ሁዳዴ ሲገባ እትዬ ደብሪቱ ሥጋ ይተዋሉ፤ እሱም አብሯቸው ይተዋል። ወዶ አይደለም፣ የሚሰጠው ስለሌለ ነው። ለዶሮዎቹ ግን «እኔና እትዬ እንጾማለን» እያለ ይኩራራባቸው ነበር።

ታዲያ አንድ ዓመት፣ ጾሙ ሲጋመስ፣ አንዲት ድመት አጥሩ ሥር መጥታ ተጠለለች። ዱር ያደገች ናት፤ ኮሽ ሲል ትበራለች። ለቆቅ የተጠመደ ሽቦ አንገቷ ላይ ተጠምጥሞ ቀርቷል። እትዬ ደብሪቱ ከሩቅ አይተው ደነገጡ።

«ይህ ሽቦ ካልወጣላት ሳምንት አትቆይም፤ ጉሮሮዋን ይዘጋዋል» አሉ።

ጠጋ ሲሉ ሸሸች። ሲጠሯትም ሸሸች። ስለዚህ አሮጌ የእንጨት ሳጥናቸውን አውጥተው በጎኑ አስተኙት፤ ክዳኑን በገመድ ወደ ላይ ሰቀሉት። ገመዱ ሲለቀቅ ክዳኑ ዱብ ብሎ ይዘጋል። ከዚያ ለፋሲካ ብለው ካደረቁት ቋንጣ ቆረጥ አድርገው ሳጥኑ አፍ ላይ አኖሩ። «ዛሬ ደጃፉ ላይ ትብላ፣ ነገ ገባ ብላ ትብላ፤ ስትለምደው እዘጋባታለሁ» ብለው ከግድግዳው ጀርባ ተቀመጡ።

ቋንጣው መከታን ሸተተው። «በሁዳዴ ሥጋ? ለዚያውም ለአጥር ሥር ድመት? እኔ ስድስት ዓመት ስጮህ ቋንጣው ሲሰቀል እንጂ ለእኔ ሲወርድ አላየሁም» አለ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ቀና። እህል እስኪያስጠላው ድረስ ቀና።

በመጀመሪያው ቀን ድመቷ ቀስ እያለች ስትመጣ ጮኸባት፤ ሸሸች። እትዬ ደብሪቱ «አንተ፣ ዛሬ ደግሞ ምን ነካህ?» ብለው ተቆጡት።

በሁለተኛው ቀን አልጮኸም። አጥሩ ሥር ሄዶ ድምፁን አለሳልሶ «እህቴ፣ ያ ሳጥን ወጥመድ ነው። የገባበት አይወጣም» አላት።

«አንተ የቤቱ ውሻ አይደለህ? ለምን ትነግረኛለህ?»

«አዝኜልሽ ነዋ።»

አላዘነላትም። ድመቷ ግን አመነችው፤ በዚያ ቀን ሳትመጣ ቀረች። አንገቷ አብጦ ውሃ እንኳ መዋጥ አቅቷት ነበር። መከታ ይህን አየ፤ አይቶም ወደ ደጁ ተመልሶ ተኛ።

በሦስተኛው ቀን፣ እትዬ ደብሪቱ ጊዜ ስላጠረባቸው፣ ቋንጣው ሳጥኑ ውስጥ ገባ ብሎ ተቀምጧል። መከታ ሄዶ ሳጥኑን ጠየቀው፦

«ይህ ሥጋ የማን ነው?»

ሳጥኑም «እኔ እንጨት ነኝ» አለው። «የገባውን እይዛለሁ፣ ሲከፍቱኝ እለቃለሁ። ማን ይግባ ብሎ ያማከረኝ የለም።»

«እንግዲያው የእኔ ነው» ብሎ ዘሎ ገባ። እትዬ ደብሪቱ ከግድግዳው ጀርባ ኮሽታውን ሰምተው ገመዱን ለቀቁት። ክዳኑ ዱብ አለ። መከታ ቋንጣውን በጨለማ ዋጠው፤ ከዋጠው በኋላ ግን ፈራ።

«እትዬ፣ እኔ ነኝ። መከታ ነኝ።»

ከፍተው አዩትና እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። «አንተ ቀናተኛ፣ ቋንጣ አማረህ? በል ውጣ» ብለው ራሱን ዳበስ አደረጉት። ጭራውን ቆልፎ ወጣ።

ድመቷ አጥሩ ሥር ሆና ሁሉንም አይታለች። «የገባበት አይወጣም ብለኸኝ ነበር» አለችው። «ይኸው ገባህ፣ ወጣህ። ዱላም አልቀመስክም።»

እትዬ ደብሪቱ ሌላ ቋንጣ አኑረው ገመዱን ይዘው ጠበቁ። ድመቷ አንድ እግሯን አስገባች፣ ሁለተኛውን አስገባች፣ ጭራዋም ገባ። ክዳኑ ተዘጋ።

እትዬ ደብሪቱ ሳጥኑን በጋቢያቸው ሸፍነው፣ ክዳኑን ገርበብ አድርገው እጃቸውን አሾለኩ። ድመቷ ቧጨረቻቸው፤ ደማቸው ወረደ። እሳቸው ግን «አይዞሽ፣ አይዞሽ» እያሉ ሽቦውን በፒንሳ ቆረጡት። መከታ እሱን «አይዞህ» ያሉበትን ቀን ለማስታወስ ሞከረ፤ አልመጣለትም። ቅናቱ እንደገና አንገበገበው።

ሳጥኑ ሲከፈት ድመቷ ወደ አጥሩ በረረች። መከታ ተከተላት።

«ነገ ተመልሰሽ ቦታዬን ልትወስጂ ነው?» አላት።

«የቱን ቦታ?» አለችው።

«ደጁን። እትዬን።»

ድመቷ ትንፋሿን እስከ ሆዷ ሳበች፤ ከመጣች ጀምሮ እንዲህ ተንፍሳ አታውቅም። «ወንድሜ፣ እኔ የፈለግሁት መዋጥ ነበር» አለችውና በአጥሩ ሾልካ ሄደች።

መከታ አንገቱን ደፍቶ ተመለሰ። እትዬ ደብሪቱ እጃቸውን እያጠቡ ነበር። «እትዬ፣ ያባረርኳት እኔ ነኝ» አላቸው።

«አውቃለሁ» አሉት። «በአንተ ምክንያት ሁለት ቀን ሳትበላ ዋለች።» አልመቱትም፤ ቢመቱት ይሻለው ነበር።

ልጆቼ፣ ሽቦውን ያጠመደው አዳኝ ነው። ሁለት ቀን ያጠበቀው ግን መከታ ነው፤ ያውም ማንም ላልተመኘው ቦታ ሲል። እኔ ተርቼ ጨረስኩ፤ ከመካከላችሁ የቀና ካለ ዛሬውኑ ይናዘዝ።