ለጸሎት ሲባል የሚጠፋው ኪቦርድ

እሺ፣ ወደ ፊት ጠጋ በሉና ስሙኝ። አንዲት ልጅ ነበረች፤ ሆሳዕና ውስጥ፣ ልክ እንደኛ ኳየር የምትዘምር። ሁለት ዓመት ሙሉ ከኋላ መስመር ቆማ ስታጅብ ኖራ በመጨረሻ ብቻዋን የምትዘምረው መዝሙር ተሰጣት። ሁለት ዓመት እኮ ነው። እኔ ብሆን በሁለተኛው ወር ትቼው ነበር።

መዝሙሩ እንዲህ ነው የሚጀምረው። እሁድ ጠዋት የመክፈቻው ጸሎት ሲያልቅ ኪቦርድ የሚጫወተው አብነር አንዲት ድምፅ ይሰጣታል፤ ከዚያ እጁን ያነሳል። የመጀመሪያውን ቁጥር ያለ ምንም መሣሪያ እሷ ብቻ ትዘምራለች። ሁለተኛው ላይ ኪቦርዱ ይገባል።

ቅዳሜ ልምምድ ላይ አንድም እንከን አልነበረውም። እሁድ ግን ኪቦርዱ ሲገባ ጉድ ፈላ። የኪቦርዱ ድምፅ ላይ ነው፣ የእሷ ታች ነው። ፊት ወንበር ያሉት እናቶች አቀረቀሩ።

«ከኪ ወጣሽ እኮ፣ ከቅኝቱ» አላት የኳየሩ መሪ፣ ወንድም ምናሴ።

«አብነር የሰጠኝን ነው የያዝኩት።»

«ያዝሽው፣ ከዚያ ቀስ በቀስ ለቀቅሽው። ያለ መሣሪያ ሲዘመር ያጋጥማል፣ አይዞሽ።»

በሚቀጥለው ቅዳሜ ልክ ሆነች። እሁድ ደግሞ ወጣች። አሁን ምናሴም ግራ ገባው። ስፒከሩ ይሆናል ብሎ ስፒከር አስቀየረ። ገመዱ ይሆናል ብሎ ገመድ አስቀየረ። ሚክሰሩን ከፍተው አቧራውን አራገፉ። ኪቦርዱንስ? ኪቦርዱን ማን ይጠርጥር? ጊታሩ የሚቃኘው ከእሱ ነው፤ ቤዙም ከእሱ ነው። ሰዉም ጉሮሮውን የሚያስተካክለው እሱን ሰምቶ ነው። ሁሉ የሚለካበትን ነገር ማን ይለካዋል?

ልጅቷ እንቅልፍ አጣች። የቅዳሜው ጆሮዬ እሁድ የት ይሄዳል? ሰው ሲያየኝ እፈራ ይሆን? ኃጢአት ይኖርብኝ ይሆን? ብላ ብላ ሦስት ቀን ጾመች። እውነቴን ነው፣ በጆሮዋ ጉዳይ ጾመች።

ሦስተኛው እሁድም ያው ሆነ።

«እንግዲህ ለጊዜው አረፍ በይ» አላት ምናሴ። «መዝሙሩን ለኬብሮን እንስጣት።»

«እሺ» አለች። ምን ትበል? እሷም እኮ አምናለች።

አራተኛው እሁድ ከሕዝቡ መሃል ተቀመጠች። ኬብሮን ወጣች። ኬብሮንን የሚያህል ድምፅ በዚያ ቸርች የለም፤ ራሷም ታውቀዋለች። የመጀመሪያውን ቁጥር አሳምራ ዘመረችው። ኪቦርዱ ገባ፤ ኬብሮንም ከኪ ወጥታ ተገኘች።

ልጅቷ ምን ተሰማት መሰላችሁ? መጀመሪያ ደስ አላት። አትፍረዱባት፣ አንዴ ብቻ ነው። ከዚያ የባሰ ግራ ገባት። ኬብሮንም ተሳሳተች ማለት እኔ ምንድን ነኝ?

ኬብሮንም ከወጣች ኪቦርዱ ራሱ ይታይ ተባለና፣ ሰኞ ዕለት የድሮ ሬዲዮ የሚጠግኑት ጋሽ ኤርሲዶ ተጠሩ። ኪቦርዱ የዛሬዎቹ ዓይነት አይደለም። አናሎግ ሲንተሳይዘር የሚሉት፣ በጣት የሚዞሩ ማስተካከያዎች ላዩ ላይ የተደረደሩበት፣ ሁለት ሰው የሚሸከመው የጥንት ዕቃ ነው። ጋሽ ኤርሲዶ አበሩት፣ አንዲት ድምፅ ነክተው ሰሙ፣ ከዚያ ወንበር ስበው ተቀመጡ።

«ምን እየጠበቁ ነው ጋሼ?» አላቸው አብነር።

«እስኪሞቅ ነዋ። ይሄ ዕቃ ሲቀዘቅዝ ሌላ ነው፣ ሲሞቅ ሌላ ነው። እየሞቀ ሲሄድ ቅኝቱ ወደ ላይ ከፍ ይላል፤ ሃያ ደቂቃ ሲሞላው ይረጋል። እናንተ መቼ ነው የምታበሩት?»

«ቅዳሜ እንደገባን። ወንበር እስክንደረድር በርቶ ይቆያል።»

«እሁድስ?»

«እሁድ ከጸሎት በኋላ ነው። ሲበራ ስለሚያጉረመርም ጸሎት ይረብሻል ብለን እናጠፋዋለን።»

ጋሽ ኤርሲዶ ምናሴን ቀና ብለው አዩት። «ድምፅ መቀነሻው እኮ እዚህ ጋ ነው ልጄ። ምንም ሳትሰሙት በርቶ ይሞቃል። እግዚአብሔርም አይረበሽ፣ ዕቃውም አይብረደው።»

አያችሁ? ለክብር ብለው ነው ያጠፉት። ክፋት የለበትም። አብነር ገና ሳይሞቅ አንድ ድምፅ ይሰጣታል፤ እሷ የሰጣትን ይዛ ትቆያለች፤ እሷ ስትዘምር ከፍ ያለው ኪቦርዱ ነው። ታማኟ እሷ፣ ጥፋተኛዋም እሷ።

ቅዳሜ ምናሴ አስጠራት። «ኪቦርዱ ተስተካክሏል፣ ነይ መዝሙርሽን ዘምሪ» አላት።

አልተንቀሳቀሰችም። «እኔስ ተስተካክያለሁ?» አለችው።

እያሾፈች አይደለም፤ የምሯን ነው የጠየቀችው። ምናሴም ኳየሩ ሁሉ እየሰማ «አንቺ ድሮም አልተበላሸሽም» አላት። «ልክ ነበርሽ። ሦስቱንም እሁድ ልክ ነበርሽ፣ እኔ ነኝ ያላወቅኩት።»

ዘመረች። ግን ታውቃላችሁ፣ ኪቦርዱ ሊገባ ሲል ድምፅዋ ተንቀጠቀጠ። በእያንዳንዱ መስመር የአብነርን ፊት ታይ ነበር። ኪቦርዱ በሃያ ደቂቃ ይሞቃል፤ ሰው ግን በሃያ ደቂቃ አይድንም።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ። ቤታችሁ ውስጥ ከኪ ወጣህ ያላችሁት ማነው? ታናሽ ወንድማችሁ ነው? ከፌሎሺፕ የቀረችው ጓደኛችሁ ናት? በምን ለካችኋት? የለካችሁበትስ ነገር እየተንቀሳቀሰ ቢሆንስ? በየሳምንቱ ስፒከር እንቀይራለን፣ ገመድ እንቀይራለን፣ ሰውም እንቀይራለን፤ የራሳችንን ልክ አንድ ቀን እንኳ አንጠይቅም።

ደግሞ ስህተታችንን ስናውቅ ምን እናደርጋለን? «በቃ ተስተካክሏል፣ ነይ» ብለን እናልፋለን። እሷ ግን እስከ ዛሬ የተበላሸችው እኔ ነኝ ብላ ተቀምጣለች።

ስለዚህ ዛሬ ከዚህ ስትወጡ፣ ታክሲ ከመያዛችሁ በፊት፣ ለዚያች ጓደኛችሁ ደውሉላት። ብዙ አታውሩ። «ያኔ ልክ ነበርሽ» በሏት።