የዝግባ ውሃ ከተማ ወሰን የሆነው ጋን

ከዝግባ ውሃ ከተማ በስተደቡብ፣ በሸክላ ሠሪዎች ሰፈር መጨረሻ፣ እስከ ትከሻው ድረስ በመሬት የተቀበረ ትልቅ ጋን አለ። አፉ ከአንድ ወገን ጣት በምታህል ስብራት ጎድሏል። ማዘጋጃ ቤቱ የብረት የወሰን ምልክት ከጎኑ ቢተክልም፣ የአገሩ ሰው የከተማውን መጨረሻ በጋኑ እንጂ በብረቱ አይቆጥርም። አዲስ የተሾመ የከተማ ሹምም፣ የቱንም ያህል የተከበረ ሰው ቢሆን፣ ከወንበሩ ከመቀመጡ በፊት ወደዚህ ወርዶ፣ ጎንበስ ብሎ ራሱን በጋኑ አፍ ያስገባል።

አባቶች እንደሚተርኩት፣ ከመቶ ሃምሳ ዓመት በፊት ዝግባ ውሃ ማክሰኞ ማክሰኞ የሚቆም ገበያ እንጂ ከተማ አልነበረም። ነጋዴውም ባለእጁም በባላባቱ በባላምባራስ መርሻ መሬት ተጠግቶ ስለሚኖር፣ ባላባቱ የተቆጣ ዕለት ጎጆው ይነቀልበት ነበር። ትርንጎ የምትባል ባሏ የሞተባት ሸክላ ሠሪ እንዲህ ሦስት ጊዜ ተነቅላለች ይባላል። በዚያም ዓመት ባላምባራሱ የሸክላ ሠሪዎቹን ሰፈር ለከብቶቹ ግጦሽ ፈልጎት፣ እሷንም ጎረቤቶቿንም «መስከረም ሳይጠባ ልቀቁ» ብሏቸው ነበር።

ይህ በሆነ በወሩ ግን የአገሩ ገዥ፣ የነጋዴዎቹን አቤቱታ ተቀብሎ፣ ገበያውን በአዋጅ ከተማ እንዲያደርግ አጋፋሪ ጓንጉል የተባለ መልእክተኛ ላከ። ሥርዓቱም እንዲህ ነበር፦ ነጋሪት ከገበያው ዋርካ ሥር ሦስት ጊዜ ይጎሰማል፤ በየማዕዘኑ የቆሙ ምስክሮች በገዥው ስም ምለው «ሰማሁ» ያሉበት ቦታ ሁሉ ከተማ ይሆናል፤ በዚያ ውስጥ የሚኖር ሰው ከእንግዲህ በከተማው ዳኛ ካልተፈረደበት በቀር ከቤቱ አይነቀልም።

ነጋሪቱ ሲጎሰም አገሩ ተናወጠ። ከሰሜን «ሰማሁ!» ከምሥራቅ «ሰማሁ!» ከምዕራብ «ሰማሁ!» ተባለ፤ እልልታው ቀለጠ። ሸክላ ሠሪዎቹ ከሰፈሩበት ከደቡብ ግን መልስ ጠፋ። ሰፈሩ ከገደል ሥር ነበርና ድምፁ በአናቱ ያልፍ ነበር። አጋፋሪው ራሱ ወደዚያ ወረደ፤ ነጋሪቱ መመታቱንም ከገደሉ አፋፍ የቆመ ሰው ነጠላ እያውለበለበ እንዲያመለክት አዘዘ። ነጋሪቱ ለሁለተኛ ጊዜ ሲመታ ነጠላው ተውለበለበ፤ የተሰማ ነገር ግን አልነበረም።

«አጋፋሪ፣ ሰማይ ቢያገሳ እንኳ እዚህ አይሰማም» አለ አብሮት የወረደው ባላምባራስ መርሻ ፂሙን እየዳበሰ። «ሦስተኛው ለወጉ ያህል ነው።»

በዚህ ጊዜ ነው ለትርንጎ፣ በሠርግ ወራት ከላይ ከበሮ ሲመታ ባዶ ጋኖቿ ከደጇ ላይ እንደ ንብ ቀፎ ሲያጉረመርሙ የምትሰማው ትዝ ያላት። እየሮጠች ሄዳ፣ ከሦስት ሴቶች ጋር ከሁሉ የሚበልጠውን ጋን እያንከባለለች አመጣች።

«ጌታዬ፣ ምስክሩ ራሱን በዚህ ከትቶ ያድምጥ» አለች እያለከለከች። «አዋጁ ይሰማ አለ እንጂ በምን ይሰማ አላለም።»

«ሰው አልቆ ጭቃ ምስክር ሊሆን ነው?» ብሎ ጮኸ ባላምባራሱ።

«ጋኑ እንኳ የእርስዎ ነው፤ ለልጅዎ ሠርግ ያዘዙኝ። እኔን ባያምኑ የራስዎን ዕቃ ይመኑ።»

የተሰበሰበው ሰው በሳቅ ፈነዳ። አጋፋሪው ግን ሳይስቅ፣ «ባላምባራስ፣ የተጠራጠሩት እርስዎ ነዎት። እንግዲያው ይማሉና እርስዎ ያድምጡ» አለ።

ትርንጎን ሊያባርራት የተነሣው ሰው ምስክሯ ሆነ። ባላምባራሱም በገዥው ስም ማለ፣ ኩታውን ሰበሰበ፣ በሁለት እጁ የጋኑን አፍ ይዞ ራሱን ከተተ። ነጠላው ተውለበለበ።

ከጋኑ ውስጥ የወጣው ጩኸት ከገደሉ በላይ ተሰማ ይባላል፦ «ኧረ ቀስ በል፣ አንተ ሰውዬ! ጆሮዬን አደነቆርኸው!»

ባላምባራሱ ደንግጦ ራሱን ሲመዝ፣ ከእጁ ያጠለቀው የብር አምባር የጋኑን አፍ መትቶ ሸረፈው። ሰው ሁሉ ዐይን ዐይኑን ያየው ጀመር።

«ምን አሉ፣ ባላምባራስ?» አለ አጋፋሪው በዝግታ።

ባላባቱም ቀና ብሎ፣ «ሰማሁ» አለ።

የዚያን ጊዜ የወጣው እልልታ ነጋሪቱን አስንቋል ይላሉ። ትርንጎ ጋኑን ባላባቱ ከቆመበት ቦታ ላይ ቆፍራ ቀበረችው፤ ባላምባራስ መርሻም ለልጁ ሠርግ ሌላ ጋን አዘዘ እንጂ ያንን አልጠየቀም።

እነሆ ዛሬም ሹም በተሾመ ቁጥር፣ ከትርንጎ ዘር የሆነች ሴት ከጋኑ አጠገብ ትቆማለች፤ ከላይ ነጋሪት ይጎሰማል፤ ሹሙም ከውስጥ ሆኖ «ኧረ ቀስ በል!» ብሎ ሲጮህ ሰፈሩ በእልልታ ይናወጣል። ቀና ሲልም ሴትየዋ እጁን ይዛ ጣቱን በስብራቱ ላይ ታሳርፈዋለች። ሹሞች «እናስጠግነው» ያሉበት ጊዜ ነበር አሉ፤ ያን ስብራት በአንድ ጠዋት መሙላት የሚችሉት ሸክላ ሠሪዎች ግን እስከ ዛሬ እሺ አላሉም።